«ታረቀ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ከትንሣኤ በዓል በኋላ አንዲት እኅት ወደ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ቀርባ ጥያቄ አቀረበችለት። መምህሩ መልስ ስላጣለት ጥያቄውን ወደ እኛ አመጣው። እኛም በዚያ ቀን መልስ አልሰጠንም። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «እኔ ከወንድሜ ጋር ታርቄአለሁ ወይስ አልታረቅሁም?»

ይህች እኅት ለሰባት ዓመታት በዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ደመወዟን ለታላቅ ወንድሟ ትልክ ነበር። በገንዘቡ ቤት ተሠራ፤ የቤቱ ካርታ ግን የወጣው በወንድምየው ስም ነው። ተመልሳ ስትመጣ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ጠቡ ከረረ። በሰሙነ ሕማማት ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ከእነርሱም አንዱ እኛ ነበርን። «ስለ ሞቱ ብለሽ፣ ስለ ትንሣኤው ብለሽ» ተባለች። ተነሥታ ወንድሟን ሳመችው። ዘመድ አዝማድ እልል አለ፤ ቡና ተፈላ። የቤቱን ነገር ግን ማንም አላነሣም። እውነቱን ለመናገር፣ ሁላችንም በዓሉ ሳይደርስ ነገሩን ለመጨረስ ቸኩለን ነበር። ከዚያ ወዲህ እኅታችን በየሰንበቱ ወደ ቅዳሴ ትመጣለች፤ በቅዱስ ቁርባን ጊዜ ግን ከመቀመጫዋ አትነሣም። ወንድምየው ይቆርባል።

እንግዲህ ጥያቄዋ ስለ አንድ ግሥ ትርጉም ነውና፣ እኛም በዚህ እትም ይህንኑ ግሥ ከሥሩ ጀምረን ልንመረምረው ወደድን። በየስብከቱ፣ በየልቅሶ ቤቱና በየሽምግልናው የምንጠራው ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሌላ ቃል ፈንታ እንጠቀምበታለን።

ያ ሌላ ቃል «ይቅር አለ» የሚለው ነው። «ይቅር» የመጣው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። ነገሩ ይቅር፣ ወደ ኋላ ይቅር፣ አይከተለን ማለት ነው። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊለው ይችላል። በዳዩ ባይጠይቀውም፣ በሩቅ አገር ቢሆንም፣ ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይም እንኳ ተበዳዩ በጓዳው ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ሊል ይችላል፤ ይቅርታውም እውነተኛ ይቅርታ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ስለ ሰቃዮቹ ወደ አባቱ የጸለየው (ሉቃ. 23፥34) ከእነርሱ አንዱም ይቅርታ ሳይጠይቀው ነበር።

«ታረቀ» የሚለው ግሥ ግን ብቻውን አይቆምም። አንድ ሰው «ታረቅሁ» ብሎ ቢያቆም ሰሚው ወዲያው «ከማን ጋር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቋንቋችን ራሱ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። «አስታረቀ» ስንል ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ በመካከል የቆመ። ስለዚህ ይቅርታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ሲሆን፣ ዕርቅ የሚፈጸመው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ይቅርታ የሌለበት ዕርቅ የለም፤ ዕርቅ ያልተከተለው ይቅርታ ግን አለ፤ ብዙም ነው።

በዚህ ላይ ግሡ ሌላ ትርጉም አለው። ከገጠር ለመጣችሁ አንባብያን ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። «አረቀ» ማለት የጎበጠን እንጨት አቀና ማለት ነው። ጠማማ በትር ይታረቃል። ጠባየ ብልሹ ልጅም በምክር ይታረቃል እንላለን። የሁለቱ «ታረቀ» ዝምድና ምን ያህል እንደሆነ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው፤ ጆሮአችን ግን የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ለሰባኪም ይህ ይበቃዋል። በትር ሲታረቅ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እንጨቱ እርጥብ ሳለ በእሳት ይሞቃል፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ወደ ቀናው ይገፋል። በችኮላ የገፋው ይሰብረዋል። ሳያሞቅ የገፋውም ይሰብረዋል። ገፍቶ ወዲያው የለቀቀውም እንጨቱ ወደ ጉብጠቱ ሲመለስ ያያል። እኛ በዚያ በሰሙነ ሕማማት ያደረግነው ይህን የመጨረሻውን ነው ብንል ራሳችንን አልበደልንም።

የጥንት ቋንቋዎችም ነገሩን በየበኩላቸው ተመልክተውታል። ቅዱስ ጳውሎስ በግሪክኛ ሲጽፍ ስለ ዕርቅ የተጠቀመበት ቃል (ሮሜ 5፥10-11፤ 2ቆሮ. 5፥18-20) መለወጥን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነው፤ በጥንቱ አነጋገር ገንዘብ መመንዘርም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። ጠላት የነበረው ወደ ወዳጅነት ይለወጣል ማለት ነው። የላቲኑ ቃል «ሬኮንቺሊያሬ» ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። «ሬ» ዳግም ማለት ሲሆን፣ ቀሪው «ኮንቺሊዩም» ማለትም ጉባኤ ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ የቫቲካን ጉባኤ የምንለውም በላቲን በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ በላቲኑ አነጋገር ማስታረቅ ማለት የተለያዩትን ዳግም ወደ አንድ ጉባኤ መጥራት ነው። የኛው «ጉባኤ» ደግሞ ከግእዙ «ገብአ» የወጣ ነው። «ገብአ» ገባ ማለት ብቻ ሳይሆን ተመለሰ ማለትም ነው፤ «ተጋብአ» ተሰበሰበ፣ «አስተጋብአ» ሰበሰበ። በግእዝ ቋንቋ የተሰበሰቡ ሰዎች አንዱ ወደ ሌላው የተመለሱ ሰዎች ናቸው ብንል ከእውነት ብዙ የራቅን አይመስለንም።

ነገር ግን ሰዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ብቻውን ማስታረቅ ነውን? ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ላይ የሚያስተምረን አንድ ታሪክ አለ፤ ብዙዎቻችንም መጨረሻውን ሳናነብ እንዘጋዋለን።

ዮሴፍን ወንድሞቹ በጉድጓድ ጣሉት፣ ሸጡትም። ከብዙ ዘመን በኋላ በግብፅ አገኙት፤ ራሱን ገለጠላቸው፣ አንገታቸውን አቅፎ አለቀሰ፣ ሳማቸውም (ዘፍ. 45)። ሰባኪ ሁሉ እዚህ ላይ «እነሆ ዕርቅ» ብሎ ያቆማል። እኛም ብዙ ጊዜ አቁመናል። ምዕራፉን ግን ቀስ ብለን ስናነብ የሚናገረው ዮሴፍ ብቻ መሆኑን እናያለን። የሚያለቅሰውም የሚያጽናናውም የሚያቅፈውም እርሱ ነው። ወንድሞቹ ከዚያ በኋላ ከእርሱ ጋር እንደ ተነጋገሩ ተጽፏል፤ «በድለንሃል» እንዳሉት ግን አልተጻፈም። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ግብፅ ወረደ። መልካም ምድር ተሰጣቸው፣ እህል ተሰፈረላቸው። ያዕቆብ በግብፅ የኖረው 17 ዓመት ነው (ዘፍ. 47፥28)። 17 ዓመት ሙሉ በአንድ አገር ኖሩ፣ ተጠያየቁ፣ ልጆቻቸው አብረው አደጉ። ከዚያ አባታቸው ሞተ፤ በተቀበረ ማግሥትም ወንድሞቹ ፈሩ። «ዛሬ ይበቀለናል» አሉ። ፊቱን ለማየት ስላልደፈሩ አስቀድመው መልእክት ላኩበት፤ በመልእክቱም ውስጥ ነው የዚያ ሁሉ ዘመን በደል በስሙ ተጠርቶ ይቅርታ የተጠየቀበት (ዘፍ. 50፥15-17)። ዮሴፍም ይህን ሲሰማ አለቀሰ።

ለምን አለቀሰ? አንዳንዶች «ይህን ያህል ዘመን ሳያምኑኝ ኖሩ ወይ» ብሎ አዝኖ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለናል። ይቅርታውን የሰጠው ከ17 ዓመት በፊት ነበር፤ የሚቀበለው ሰው የመጣው ገና ያን ዕለት ነው። በመካከሉ የነበረው ዘመን መሰብሰብ እንጂ ዕርቅ አልነበረም። ሰላም የሚመስለው ነገር በአባታቸው ዕድሜ ላይ የቆመ ነበር።

በየቤታችን አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ብቻ አብረው የሚበሉ ስንት ወንድማማቾች አሉ? ሙት ዓመት ሳይወጣ ፍርድ ቤት የሚቆሙትን እናውቃቸዋለን።

ወደ ጌታችን ትምህርት እንምጣ። መሥዋዕትህን በመሠዊያ ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ተስማማ ብሎ ያዘዘበትን ቃል (ማቴ. 5፥23-24) ሁላችን እናውቀዋለን። አንድ ነገር ግን እንስታለን። አንድ ሰው ወደ ቁርባን ከመቅረቡ በፊት ልቡን ሲመረምር «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም» ይላል፤ ይህን ብሎም ይረጋጋል። ጌታችን ግን የጠየቀው ይህን አይደለም። አንተ በወንድምህ ላይ ቂም እንዳለህ ብታስብ አላለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ የሚያቀርበው ነገር እንዳለ ብታስብ አለ እንጂ። ቃሉ የተነገረው ለበዳዩ ነው። በዳይ አብዛኛውን ጊዜ ቂም የለውም፤ ምን ጎደለበትና ቂም ይይዛል? መሠዊያውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው እርሱ ነው። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ (ማቴ. 18፥15) የተበደለው ሰው ወደ በዳዩ ሄዶ ብቻውን እንዲነግረው ታዟል። ስለዚህ ሁለቱም ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዋል፤ ቢታዘዙ የሚገናኙት በመንገድ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ይህን ትእዛዝ ጠብቆታል። በግእዙ ሥርዓተ ቅዳሴ ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ የሚለዋወጡት ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ፣ አኰቴተ ቁርባኑ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ይኸውም ልክ እንደ ወንጌሉ ቅደም ተከተል መባው ከመቅረቡ አስቀድሞ ማለት ነው። በላቲኑ ሥርዓት ደግሞ ከአባታችን ሆይ ጸሎት በኋላ፣ ከቅዱስ ቁርባን በፊት ነው፤ እንደ በደላችን ሁሉ ይቅርታችንንም በጸሎቱ ከጠራን በኋላ። ሁለቱም መልካም ናቸው። መምህራን ይህን ለሕፃናቱ ብታስተምሯቸው ጠቃሚ ነው፤ ብዙዎች ያን ጊዜ ለጎረቤታቸው እጅ የሚዘረጉበት ጊዜ ብቻ አድርገው ያዩታልና። የተቀየሙትን ሰው አይተው ወንበር የሚቀይሩም አሉ፤ ይህን እንኳ ባናየው በወደድን ነበር።

ስለ ይቅርታና ዕርቅ ልዩነት በዘመናችን ከታዩት ምሳሌዎች አንዱ የቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ተመቱ። ከአራት ቀን በኋላ ገና በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ስለ መታቸው ሰው እንዲጸለይ ጠየቁ፤ ወንድሜ ብለው ጠርተውም ከልባቸው ይቅር እንዳሉት አስታወቁ። ይቅርታው አራት ቀን ብቻ ፈጀ። ወደ ሰውየው የሄዱት ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1983 ነው፤ በሮም በረቢብያ እስር ቤት ክፍሉ ድረስ ገብተው አጠገቡ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነጋገሩት። የተነጋገሩትን ምሥጢር አድርገው ያዙት። ሰውየውም በዚያ ቀን ከእስር አልወጣም፤ የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት ምሕረት ያደረጉለት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እዚህ ላይ ለሽማግሌዎቻችን ትምህርት አለ። ይቅርታ ፍርድን አልሰረዘም፤ ፍርድም ይቅርታን አላስቀረም።

ስለ ምሥጢረ ንስሐም ጥቂት እንበል። ይህ ምሥጢር ብዙ ስም አለው፤ ምሥጢረ ዕርቅም ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለዚህ ሲጽፍ አስታራቂው ሁልጊዜ እግዚአብሔር ነው፤ እኛን ከራሱ ጋር ያስታረቀን እርሱ ነው እንጂ እኛ እርሱን አላስታረቅነውም። የተበደለው ራሱ መልእክተኛ ይልካል፤ ይህ በሰው ልማድ ያልተለመደ ነው። ይሁንና ከኑዛዜ ወንበር የተነሣ ሰው ነገሩ ሁሉ አለቀ ብሎ እንዳያስብ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1459 ያስጠነቅቃል፤ ፍትሐት ኀጢአትን ያስወግዳል፣ ኀጢአት ያበላሸውን ሁሉ ግን አያቃናም፤ የተሰረቀው መመለስ አለበት፣ የጠፋው ስም መታደስ አለበት። ዘኬዎስ ይህን ማንም ሳይነግረው ዐውቆታል (ሉቃ. 19፥8)። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ስለ ደስታው ብዙ አልተናገረም፤ ስለ ገንዘቡ ተናገረ።

የቁምስናችን ገንዘብ ያዥ ይህን ሐሳብ ስናካፍለው ሳቀና «እኛም ሂሳብ እናስታርቃለን እኮ፤ ልዩነቱ የት እንዳለ ሳይገኝ ግን ታረቀ ብለን አንፈርምም» አለን። ከብዙ ስብከት የሚሻል አነጋገር ነው።

በአገራችን ዕርቅ ትልቅ ባህል ነው። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳይ ፊት የሚወድቅበት፣ ካሣ የሚቆረጥበት ሥርዓት አለን። በአገር ደረጃም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ሲቋቋም ሰብሳቢው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ነበሩ፤ የኮሚሽኑ ዘመን በ2014 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአገራችን የፈሰሰውን ደም ስናስብ፣ ዕርቅ የሚለው ቃል ከወረቀት ወደ ሰው ለመውረድ ስንት መንገድ እንደሚቀረው እንረዳለን። ሆኖም የአገሩን ትተን የመንደራችንን እንኳ ስንመለከት የሽምግልናችን ድካም አንድ ነው። ድንጋዩን የሚሸከመው ሰው እየቀረ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ» የሚባለው ሰው በዝቷል። ጫናው ሁሉ በተበዳዩ ላይ ይወድቃል፤ እሺ ያላለ እንደሆነ ክፉ የሚባለው እርሱ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው እያሉ የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ የሚፈውሱትን ወቅሷል (ኤር. 6፥14)። የወቀሰውም አሕዛብን ሳይሆን ካህናትንና ነቢያትን ነው።

በመጨረሻ ለእኅታችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ወደ ቤቷ ሄድን። አስቀድመን በዚያ ዕለት ስላቻኮልናት ይቅርታ ጠየቅናት። ቀጥለንም እንዲህ አልናት፦ «ልጄ፣ አልታረቅሽም። ይቅር ብለሻል። ከአንቺ የሚጠበቀውን አድርገሻልና ከቅዱስ ቁርባን የሚያግድሽ የለም። ዕርቁ ግን በአንቺ እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ ቤትሽን መጠየቅሽም ቂም አይደለም።» ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «አባ፣ ይህን ያን ጊዜ ለምን አላላችሁኝም?» አለች። የምንመልሰው አልነበረንም።

በሚቀጥለው ሰንበት ቆረበች። ወንድምየው በዚያ ቀን ከኋላ ቆሞ ሲያያት ነበር፤ እርሱ ግን አልቀረበም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በምሽት ብቻውን ወደ ቤታችን መጣ። ብዙ ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ ቆየ። ከዚያ «አባ፣ ልሄድ ብዬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ጠፋብኝ» አለ።

«በካርታው ጀምር» አልነው።

አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ሲነሣ በደጅ ላይ ቆሞ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ በየትኞቹ ቀናት ባለጉዳይ እንደሚያስተናግድ ጠየቀን። ነገርነው።